ጭቃው እንዳይረጋ

እኛ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ደባልቄን «ጭቃው» እያልን ነበር የምንጠራው። በሰፈራው ዘመን ገና ልጅ ሳለ ከወሎ ወደ ባምባሲ የመጣ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ ጭቃ ነገር ከተነሣ ግን መሐንዲስም አይመልሰው። ቤንቶናይት የሚባለውን የሸክላ ዱቄት በውሃ ይበጠብጥና ጣቱን ነክሮ ያወጣል፤ «ቀጥኗል» ካለ አለቀ። ግትርነቱ ያንገበግበኝ ነበር።

«ጭቃ ሲያንቀሳቅሱት ይፈስሳል፣ ሲተዉት እንደ እርጎ ይረጋል» ይላል። የጉድጓዱን የአሸዋ ግድግዳ ለስኖ የሚይዘው ይኸው ጭቃ ነው። ከረጋ በኋላ በፓምፕ በኃይል ከገፉት ልስኑን ሰብሮ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ግድግዳው ይናዳል፣ መቆፈሪያው ብረትም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ክልሉ በተቋቋመ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ከአሶሳ ወጣ ባለች የበርታ መንደር ሃምሳ ሜትር ወርደን አሸዋ ውስጥ ገብተናል። ያለን ብረት ያ ብቻ ነው፤ ከተቀበረ መንደሩም ውሃ አያገኝ፣ ቀጥለን እንድንቆፍርላቸው ግልገል በለስ የሚጠብቁንም አያገኙ።

በዚህ መሀል ቀብር መጣ። የዚያው መንደር ሰው የሼህ ማህጁብ ልጅ ወንዝ ዳር አሸዋ ቆፍራ ውሃ ስትቀዳ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ አሸዋው ተንዶባት ሞታለች። አስከሬን ሲያልፍ ሞተር ማጥፋት የመንደሩ ወግ ነው፤ አለቃችን ገረሱ አጠፋው። መቃብሩ መቶ እርምጃ ስለማይርቅ ሥርዓቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው።

ሁላችንም ባርኔጣችንን አውልቀን ቆምን። ደባልቄ ግን ትልቁን የቱቦ ቁልፍ ብረቱ ላይ አስገብቶ በእጁ ማዞር ጀመረ።

«ተው! ልታስደበድበን ነው?» አለው ገረሱ በሹክሹክታ።

«ይረጋል ጋሼ!»

ብረቱ ሲንቋቋ ቀባሪዎቹ ዞረው አዩት። እኔ በቁሜ አለቅሁ። ላግዘው ግን አልደፈርኩም፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቀብሩ እንዳበቃ ሰዉ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ሼህ ማህጁብ ከፊት ናቸው፤ እጃቸው ላይ አፈሩ አልረገፈም።

«የኔ ልጅ ሲቀበር አንተ ሥራ ትሠራለህ? አላህ አትፈራም?» አሉ በርታኛ በተጫነው አማርኛቸው።

ደባልቄ ማዞሩን አላቆመም። መዳፉ ተልጦ የቁልፉ እጀታ ደም ነክቶታል። «ሼህ፣ ይቅር ይበሉኝ። ካቆምኩ ከታች ያለው አሸዋ ይናዳል፤ ጉድጓዱ ይጠፋል።»

ሼሁ ደም የነካውን እጀታ አዩት። ከዚያ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከጎኑ ቁልፉን ያዙ። ሌሎችም ተጨመሩ።

ሞተሩን አስነሣሁ። ገረሱ ፓምፑን እስከ መጨረሻ ሊከፍተው ሲል ደባልቄ እጁን ያዘው፤ «ቀስ! በትንሹ!» የጉድጓዱ አፍ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ጭቃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። በደስታ ጮህኩ።

«አሁን አሸዋው አይወድቅም?» አሉ ሼህ ማህጁብ።

«አይወድቅም፣ ሼህ።»

«ይሄ ውሃ ባለፈው ሳምንት ቢወጣ፣ ልጄ ወንዝ አይሄድም ነበር።»

ባለፈው ሳምንት ሥራ ፈተን ነበር። ደባልቄ «ቤንቶናይቱን እርጥበት ነክቶታል፣ በዚህ አልቆፍርም» ብሎ፣ ሌላ እስኪመጣልን ነው የቆምነው። ገረሱ ዝም እንዲል በዓይኑ ጠቀሰው።

«ያስቆየሁት እኔ ነኝ» አለ ደባልቄ።

ሼሁ እጃቸው ላይ የቀረውን የመቃብር አፈር አራገፉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።