ለከሰዓት የተቀጠረ ሕልም

የሰፈሩ ሰው "የእንቅልፍ ዘበኛ" ይላታል። ሥራዋን ለማስረዳት ሞክራ ሞክራ ሲደክማት እሷም ስሙን ተቀብላዋለች። እውነትም ከዘበኝነት ብዙ አይርቅም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እንቅልፍ ስትጠብቅ ነው ያደረችው። ዘበኛ ሰው የሚቀሰቅሰው ሌባ ሲመጣ ነው፣ እሷ ግን ሕልም ሲመጣ።

የምትሠራው እንቅልፍ በሚጠናበት ቤተ ሙከራ ነው። የሚተኛው ሰው ራስ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ትለጥፋለች፣ መብራት ታጠፋለች፣ ከዚያ በመስታወት ማዶ ካለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ በስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር ትከታተላለች። ሰውየው ከተኛ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነው ዓይኑ ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል፤ ሰውነቱ ግን ዝልፍልፍ ይላል። ሕልም በሌላውም የእንቅልፍ ክፍል አይጠፋም፤ የደመቀውና ታሪክ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚገኘው። ዘበኛዋ አሥር ደቂቃ ትጠብቅና በቀስታ በስሙ ትጠራዋለች። "ምን አለምክ?" አትለውም፤ እንዲያ የተጠየቀ ሰው ያላየውንም ይፈጥራል። "ሳልጠራህ በፊት በሐሳብህ ምን ነበር?" ትለዋለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጽፋለች።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምታስተምረውም እሷ ናት።

"ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ትላለች። "በሕልም ጊዜ ትዝታ የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ሥራውን በደንብ አይሠራም። ሰውየው ተነሥቶ ፊቱን እስኪታጠብ ሕልሙን ውሃ በልቶታል። 'በኋላ ንገረኝ' የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም።"

በዚያ ቤት አልነበረም፤ በራሷ ቤት ግን ነበር።

እናቷ አብራት ትኖር ነበር፤ ዕድሜዋን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች፣ ጣቶቿ በመርፌ የደነደኑ ሴት። ዘበኛዋ ጠዋት ከሥራ ስትገባ እናት አልጋዋ ላይ ሳትገላበጥ፣ ዓይኗን እንኳ በደንብ ሳትገልጥ ትጠብቃታለች። ከተንቀሳቀሰች ሕልሙ እንደሚጠፋባት ማንም ሳያስተምራት በራሷ ደርሳበታለች።

"መጣሽ? ዛሬም አየሁት።"

የምታየው የመጀመሪያ ልጇን ነው። ዘበኛዋ ሳትወለድ፣ በአራት ዓመቱ ትኩሳት የወሰደባትን። ፎቶ እንኳ አልነበረውም። በሕልሟ ግን እያደገ ይመጣል፤ አንዴ ሱሪው አጥሮበት፣ ሌላ ጊዜ ጢም አብቅሎ።

መጀመሪያ አካባቢ ዘበኛዋ ትሰማት ነበር፤ ግን እንደ እህት ሳይሆን እንደ ባለሙያ።

"እማዬ፣ አንጎልሽ የድሮውን ከአዲሱ ጋር እያዋሃደ ነው። በሕልም ጊዜ ምስልና ስሜት የሚሠራው ክፍል ይነቃል፤ 'ይሄ እንዴት ይሆናል?' ብሎ የሚመረምረው ደግሞ ያንቀላፋል። ለዚያ ነው ማደጉ የማይገርምሽ።"

"ሕልም እንደ ፈቺው ነው አሉ፤ ያንቺ ፍቺ ግን ደረቅ ነው" አለች እናት። "እሺ፣ ለምንድን ነው እሱን የሚያመጣልኝ?"

"ይሄን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ትዝታ ለማደላደል ነው የሚሉ አሉ፤ አደጋን ለመለማመድ ነው የሚሉ አሉ፤ ሐዘን እንዲበርድ ነው የሚሉም አሉ። ምንም ጥቅም የለውም የሚሉም አልጠፉም።"

"እነዚህ ሐዘን እንዲበርድ ነው የሚሉት፣ ልጅ ቀብረው ያውቃሉ?"

ከዚያ በኋላ ድካሙ እየባሰ፣ መልሱም እያጠረ ሄደ። "ደክሞኛል እማዬ፣ አሁን ልተኛ። ከሰዓት ስነሣ ትነግሪኛለሽ።" ከሰዓት ስትነሣ እናት ግንባሯን እያሸች፣ "ምን ነበር... ኮት ለብሶ... ጠፋኝ" ትላለች። "ምንም አይደል፣ ሌላ ቀን ታይዋለሽ" ትላታለች ዘበኛዋ፣ ምግቧን እያሞቀች። ይህን የምትለው የአንድ ፎጣ ሻጭ ሕልም ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፋ ያደረች ሴት ናት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ውሎ አድሮ እናት መናገሯን ተወች። ዘበኛዋ ስትገባ ተነሥታ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ መስኮት ከፍታ ታገኛታለች። ያን ጊዜ ዘበኛዋ እፎይ አለች። ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጣት ያ እፎይታ ነው።

እናት ልቧ ደክሞ አልጋ ላይ ስትውል ዘበኛዋ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። አጠገቧ ወንበር ስባ ስትቀመጥ አንድ ነገር ዘግይቶ ገባት፤ የወንድሟን መልክ የምታውቅ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንዲት ብቻ ቀርታለች። መደርደሪያዋ የማታውቃቸው ሰዎች ሕልም የሞላባቸው ደብተሮች ተሸክሟል፤ የእናቷ አንድ መስመር እንኳ የለበትም። ተቆጨች፤ በራሷም አፈረች።

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ መጋረጃው ላይ ስትወጣ፣ የእናቷ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ ሲል አየች። ይህን ለማወቅ ሽቦም ስክሪንም አላስፈለጋትም። አዲስ ደብተር አወጣች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች፣ አሥር ደቂቃዋን ጠበቀች።

"እማዬ። ሳልጠራሽ በፊት በሐሳብሽ ምን ነበር?"

እናት ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። "አየሁት።"

ዘበኛዋ ጻፈች። ጠበቀች። በሥራዋ ደንብ ከዚህ በኋላ ዝም ነው የሚባለው፤ እሷም ዝም አለች። እናት ቀስ ብላ ዓይኗን ገለጠችና የልጇን ፊት አየች።

"አንቺ አልተኛሽም እንዴ? ዓይንሽ በርበሬ መስሏል።"

"አልደከመኝም እማዬ። አሁን ንገሪኝ።"

"ኧረ ሂጂ ተኚ ልጄ" አለች እናት፣ በደነደነ ጣቷ እጇን እየዳበሰች። "አውቃለሁ፣ ይደክምሻል። ከሰዓት ስትነሺ እነግርሻለሁ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ዘበኛዋ እስክርቢቶዋን እንደያዘች እስከ ከሰዓት ድረስ ተቀመጠች፤ እናት ግን ዳግም አልነቃችም። ደብተሩ ላይ ቀኑና ሰዓቱ አሉ፤ ከሥራቸው "አየሁት" ይላል፤ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም።