ሁለቴ የተፈተገ ሩዝ

እህል በረንዳ ላይ ሩዝ የሚሸጠው በዓይን ነው። ገዢ ከጆንያው አፍ እፍኝ ያነሳል፣ መዳፉ ላይ ይበትነዋል፣ ካልነጣ ወይም ስባሪው ከበዛ መልሶ ይደፋውና ወደ ጎረቤት ያልፋል። ጣዕሙን የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

አባቴ ከፎገራ የሚልኩልኝ ሩዝ አንዴ ብቻ የተፈተገ ስለሆነ ቀይ ቀይ ሰረዝ ነበረው። ሲበስል ግን ያንን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ነጭ ሩዝ ያስንቃል። ማን ቀምሶት። "እትዬ፣ ይሄ የዶሮ ነው እንዴ?" አለችኝ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት፣ መዳፏን እያራገፈች። ደሜ ፈላ።

አምና አዝመራው ሲገባ ደወልኩላቸው። "አባባ፣ እንዲነጣ ድጋሚ ያስፈትጉት።"

"ሁለቴ ከገባ ይደቅቃል፣ ልጄ።"

"ገበያውን የማውቀው እኔ ነኝ" አልኳቸው። ይህን ያልኩት ግማሽ ዕድሜያቸውን ሩዝ ሲዘሩ ለኖሩ ሰው ነው።

ሩዙ ሲደርስ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታሁ። እውነትም ነጭ ነው። ግን ሙሉ ፍሬ የለውም፤ መፈተጊያው ቀዩን ሽፋን ሲልጥ ፍሬውንም ሰባብሮታል። እጄን ከትቼ ሳወጣ ክርኔ ድረስ ዱቄት ሆንኩ። በሩዝነቱ የሚገዛኝ ጠፋ። በመጨረሻ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ የሚያስፈጭ ነጋዴ ወሰደው። የአባቴ ምኞት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ሩዛቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሳህን ላይ ቀርቦ ሲበላ መስማት።

"ወደዱት?" አሉኝ በስልክ።

"ተሻሙበት" አልኩ። ዋጋውንም ከራሴ ሞልቼ ላክሁላቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ ፈሪ ስለሆንኩ አውቄ ያልኩት ነው።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ደወሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሰምቻቸው አላውቅም። "የጤፉንም መሬት ሩዝ አደረግሁት" አሉ። "እንደ አምናው ሁለቴ አስፈትጌ እልክልሻለሁ። ለካ አንቺ ነበርሽ የምታውቂው።"

"አንዴ ይበቃል" ለማለት ስንት ቀን ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። እንደዚያ ካልኩ የአምናውን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አዝመራው ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተፈተገ።

ዛሬ ጠዋት መኪናው ሱቄ በር ላይ አራገፈ። ጆንያዎቹ መሬት በነኩ ቁጥር በስፌታቸው ነጭ ብናኝ ይወጣል። አንዱንም አልፈታሁም።