ማንተገብሽ የራሷን ጥፋት ያስተረጎመች ቀን

ማንተገብሽ ክፉ ወሬ መናገር አይሆንላትም። እኔ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፤ እሷ ደግሞ እዚያው ዕብራይስጥ ለማይሰሙ ሽማግሌዎቻችን ታስተረጉማለች። በፈረንጆች ዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ስትመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ቋንቋውን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ስለያዘች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰው አፍ ሆና ኖራለች። ሐኪሙ ፊቱ ሲጠቁር እሷ ፈገግ ብላ ወደ በሽተኛው ትዞርና “ሁሉም ቤሰደር ነው” ትላለች፣ ደህና ነው ለማለት። “አንቺ እያለሽ በረሆቮት የሚታመም ሰው የለም” እያልኩ አሾፍባት ነበር።

በክፋት አልነበረም። በእኛ ዘንድ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተኪዶ ነው የሚነገረው። በሽተኛን አትድንም ማለት በገዛ እጅ መግደል ይመስለናል። ስለዚህ በፈረንጆች ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሐኪማችን ዶክተር ኤፍራት አባ ውዱ የሚባሉ ሽማግሌ የያዛቸው የጉበት ካንሰር እንደማይድን ስትናገር ማንተገብሽ “ጉበትዎ ላይ ትንሽ ቁስል አለች” ብላ አስተረጎመች። ሐኪሟ ቀጠለች። ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ጥቂት ወራት ይጨምር እንደሆነ ከባዱን መድኃኒት መሞከር፣ ወይ ቤታቸው ሆነው ሕመሙን ማስታገስ፤ ይምረጡ አለች። ማንተገብሽ “መድኃኒት ይሰጥዎት ወይ?” ብላ ብቻ ጠየቀቻቸው። ለትንሽ ቁስል መድኃኒት እንቢ የሚል ማን አለ፣ እሺ አሉ። እኔ እዚያው ቆሜ የደም ግፊታቸውን እለካ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ እሰማለሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መድኃኒቱ ሽማግሌውን አደቀቃቸው። የበሉት አይረጋላቸውም፣ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ይግዛው የሚባለው ልጃቸው የገበያ ማዕከል ሱቅ ውስጥ ስለሚሠራ ጠዋት እኛ ዘንድ አድርሷቸው ወደ ሥራው ይሮጣል። ለእሱም የተነገረው ያችው ትንሽ ቁስል ነበረች።

በአራተኛው ሳምንት ሐኪሟ አንገቷን አቀርቅራ ስትጽፍ አባ ውዱ ወደ ማንተገብሽ ዞሩ።

“ልጄ፣ ይህች ሴት ብዙ ትናገራለች፤ አንቺ ጥቂት ትነግሪኛለሽ። ኦሪት በዕውር ፊት እንቅፋት አታኑር ትላለች። እኔ በዚህ አገር ቋንቋ ዕውር ነኝ። በፊቴ ምን አኖርሽ?”

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ማንተገብሽ እንደ ልማዷ ፈገግ ልትል ስትሞክር አየኋት፤ አልሆነላትም። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የበሽታውን ስም፣ እንደማይድን፣ ምርጫው የእሳቸው እንደነበረና እሷ እንደቀማቻቸው።

አባ ውዱ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። የሚወድቁ መስሎኝ ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ በግዕዝ፣ በዚያ በደከመ ድምፅ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ሞቱን ሰምቶ የሚያመሰግን ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ተመልሰው ተቀመጡና ቤታቸው መሆን እንደሚሹ ተናገሩ። ለልጆቻቸው የሚነግሩት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ አራት ሳምንት ደግሞ በከንቱ አልፏል።

“አሁን ለእሷም ንገሪያት” አሉ። “የእኔን ብቻ አይደለም፤ የራስሽንም።”

ነገረቻት። የዶክተር ኤፍራት ፊት ቀላ። ሐኪሟ ቃሏን ሳታለሳልስ ማንተገብሽን ተናገረቻት፤ ስንት ሰው ላይ እንዲህ እንዳደረገች ጠየቀቻት። ማንተገብሽ ቁጥሩን አላወቀችውም። አባ ውዱ ምን እንደተባለ ጠየቁ፤ ደንባችን ደግሞ በበሽተኛ ፊት የተነገረ ሁሉ ለበሽተኛው ይተረጎማል የሚል ነው። በእሷ ፈንታ እኔ ላስተረጉም ስል ማንተገብሽ በእጇ ከለከለችኝ።

“ሐኪሟ እንዲህ ትላለች” አለች። “ ‘እኚህን ሰው ሳይፈቅዱ አሰቃይተሻቸዋል፤ በእኔም እጅ ነው ያደረግሽው’ ትላለች።”

ሁለቱንም ጆሮዬን ሰጥቼ ተከታተልኩ። አንዲት ቃል አላጎደለችም፣ አላለሰለሰችም። እንባዋ እየወረደ የገዛ ፍርዷን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አሻገረች። ኦሪት ስለ ሐሰት ስትናገር አትዋሽ ብላ አታበቃም፤ ራቅ ትላለች። ያን ያህል መራቅ ምን እንደሚያስከፍል በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ አየሁ፤ ፈራሁም።

ሐኪሟ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው አለች። ማንተገብሽ ይህንንም እንጀራዋ እንደሆነ እያወቀች ጠየቀቻቸው።

አባ ውዱ በበትራቸው ማንተገብሽን አመለከቱ።

“ሌላውን አላውቀውም” አሉ። “ይህችን ግን ስትዋሸኝም ሰምቻታለሁ፣ እውነቱን ስትነግረኝም ሰምቻታለሁ። አሁን ድምፅዋን እለየዋለሁ። እሷው ትሁን።”

ማንተገብሽ ለሐኪሟ ማስተርጎም ጀመረች። እስከ “እለየዋለሁ” ድረስ ደረሰች፤ ከዚያ በላይ ግን ድምፅ አልወጣላትም። የቀረችውን ቃል ለዶክተር ኤፍራት የነገርኳት እኔ ነኝ።