ጣሪያ የሌለው ገዳም

ባለቤቴ እንግሊዝ አገር የትምህርት ዕድል ሲያገኝ፣ እኔም መካነ ኢየሱስ ከተማ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ትቼ ትንሿን ልጃችንን ይዤ ተከተልኩት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "አገር እንጎብኝ" ይላል። አገር መጎብኘት ማለት ዝናብ ውስጥ የሕፃን ጋሪ እየገፉ ፍርስራሽ ማየት መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ በባቡር ሄደን የጥንት ገዳም አየን። ጣሪያ የለውም፤ መቅደሱ ላይ ሣር በቅሏል። ለዚህ ተሰልፈን፣ ከፍለን ገባን። ባለቤቴ በየግንቡ ሥር "ፈገግ በይ" እያለ ፎቶ አነሳኝ። ልጃችን ከገዳሙ ሁሉ የወደደችው አንዲት ዳክዬ ነበር።

ቤት እንደገባን ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ለሚያገለግሉት አባቴ ደወልኩ። መሪጌታ ናቸው።

"የት ዋላችሁ?"

"ገዳም አይተን መጣን፣ አባባ።"

"እሰይ! መነኮሳቱ ደኅና ናቸው?"

"የሉም። ድሮ አንድ ንጉሥ አባሯቸው ጣሪያውንም አስፈርሶታል።"

"እስከ ዛሬ ሳይከድኑት?"

"አይከድኑትም። እንዲሁ እንዳለ ነው የሚያሳዩት።"

"ቆርቆሮ ይህን ያህል ተወደደባቸው?" አሉ በሐዘን።

ቅርስ መሆኑን፣ ሰው የሚመጣውም ፍርስራሹን ሊያይ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ።

"ልጄ፣ ሰው ድህነቱን ሲደብቅ እንዲህ ነው የሚለው" አሉኝ። "አንቺም ነገሩን እያነሳሽ አታሳፍሪያቸው።"

ሰኞ እናቴ ደወለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ለምእመናኑ ተናግረው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን መክደን ላቃታቸው እንግሊዞች ጸሎት ተደርጓል። አንድ ገበሬማ ተነሥቶ የባሕር ዛፍ ማገር እሰጣለሁ ብሏል። ማን እንደሚያደርሰው ብቻ አልተስማሙም።