ያለ መነጽር የተካፈለ ቅርጫ

ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል የሚሉ አባቴን አያውቁትም። ለሁለት ዓመት ተብሎ ከጎጃም ቡታጅራ የተላከ የመሬት ቀያሽ ነበር፤ አግብቶ፣ እኛን ወልዶ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ሜትሩን ለመሥሪያ ቤቱ ካስረከበ በኋላ የሰፈሩን አጥር ሁሉ በእርምጃ ይለካ ጀመር። ማንም አላዘዘውም። "ጋሼ፣ ይሄ አጥር ወደኔ አልገባም?" የሚለው ሰው ካገኘማ ምሳውን ይረሳል።

ዋናው ሥራው ግን የመስቀል ቅርጫ ነበር። እኛን ጨምሮ ዘጠኝ ቤት ሆነን አንድ በሬ እንገዛለን። ወንዶቹ ግቢያችን ውስጥ ያርዳሉ፤ አባቴ ሥጋውን በእንሰት ቅጠል ላይ ዘጠኝ መደብ አድርጎ ይደለድላል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ቀለበትም ይሁን የጠርሙስ ክዳን አንድ ዕቃ ያወጣል፤ ማን ምን እንዳወጣ ያላየ ሰው ዕቃዎቹን በየመደቡ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት ድርሻህ ነው። በድልድሉ የሚጣላ አልነበረም። "የቀያሽ ዓይን አይሳሳትም" ይሉ ነበር።

ውሸት ነው። አባቴ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ይወድቃል። አንድ ዓመት ጨጓራው ውስጥ ገብቶ እናቴና እኔ ነን ፈልገን ያወጣነው። ከዚያ ወዲህ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት አውልቆ ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ትሪ ይዤ አጠገቡ እቆምና "አራተኛው ላይ አጥንት በዛ፤ ሰባተኛው ጉበት ይጎድለዋል" እያልኩ አንሾካሹክለታለሁ። እሱ አገጩን እያሻሸ፣ ራሱ ያየው ይመስል ያስተካክላል። ከስድስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ እንዲህ ስንሸውዳቸው ኖርን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አረፈ። ለፋሲካ በሬ የሚል ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ከሉካንዳ ገዛ። መስቀል ሲቃረብ የወልቂጤ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን መጣና "ዘንድሮም ሉካንዳው ይሻለናል። ያለ ጋሼ ማን ያካፍለናል? ትርፉ መጣላት ነው" አለ።

እናቴ እስከ በሩ ሸኘችው። ሲወጣ ግን "ይሄ ግቢ ጭር ብሎማ መስቀልን እዚህ አልውልም። ቆሼ ከተማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ" አለችኝ። እናቴ መስቀልን ከቤቷ ውጭ ውላ አታውቅም።

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። በማግስቱ ስምንቱንም አባወራ ጠራሁና "እኔ አካፍላለሁ" አልኳቸው።

ሹፌሩ ሳቀ። "ሴት ቅርጫ ስታካፍል አይተን አናውቅም!"

"አይተዋል እንጂ። ሰባት ዓመት ሙሉ አይተዋል" ብዬ የመነጽሩን ነገር ዘረገፍኩት። ዘርግፌ ስጨርስ አባቴን ያሳጣሁት መሰለኝ፤ እናቴን በጎን አየኋት።

"ምን ታይኛለሽ? እሱ እኮ ያለ መነጽር እኔንም ከአጥሩ አይለየኝም ነበር" አለች።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሹፌሩ ብቻ አፍጥጦ ቀረ። "ቆይ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሻኛ ስታሳንሺብኝ የኖርሽው አንቺ ነሻ!"

"ዕጣዎ ነው ያሳነሰብዎ!"

ዘንድሮ ልሞክር፣ ካጣላኋቸው ግን ቅርጫው ይቅር ተባለ።

በዋዜማው ጠዋት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ከጓሮዋ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ተሸክማ መጣች። "ሥጋችሁን እኔ አልበላ፤ ቅጠሌ እንኳ ይቅመሰው!" እያለች አነጠፈችልኝ።

በሬው ታርዶ ቢላዋውን ስይዝ ወደ ጎኔ ዞር አልኩ። የሚያንሾካሹክልኝ የለም። ዘጠኙን መደብ ሁለቴ ዞርኩ፤ ከአንዱ አንስቼ ለሌላው ጨመርኩ፣ የጨመርኩትን መልሼ አነሳሁ። ዕጣው ወጣ። ሹፌሩ ድርሻውን በእጁ መዘነ፤ የጎረቤቱንም አንስቶ መዘነ። ሁሉም እሱን እሱን ያያል።

"እኩል ነው" አለ፣ እንደተከፋ ሰው። "አሁን በምን ልጩህ?"

ብዙም አልተቸገረ። ጨጓራው በደንብ አልታጠበም ብሎ ጮኸ፤ አጣቢዎቹ መለሱለት፤ ከዚያ ለፋሲካ የሚገዛው በሬ ከየት ገበያ ይምጣ በሚለው ስምንቱም ተያያዙ። ግቢው አንድ ላይ ይጮኻል።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። "ምን ይገትርሻል? ሰው ቆሟል እኮ፣ ወንበር አውጪ!"