አማቴ ሊመጡ ሲሉ የሰበርኩት ማብሪያ

ያን ቀን ጠዋት ዝናብ ያበሰበሰውን ካፖርቴን አውልቄ የመብራቱ ማብሪያ ላይ ሰቀልኩት። እንደ አፍንጫ ከግድግዳው ብቅ ያለ ክብ ነገር ስለነበር እጄ ከመስቀያ አልለየውም። ካፖርቱ ውኃውን ጠጥቶ የጥጃ ክብደት አክሏል። ብዙም ሳይቆይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዞር ስል ካፖርቴና የማብሪያው ግማሽ ፊት አብረው መሬት ላይ ተኝተዋል። አስተማሪ ነበርኩ፤ ያውም የሳይንስ!

ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ያን ዕለት ማታ ግን አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከአረካ ይመጣሉ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የምትወልድበት ወር ገብቷል፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ወስደው ሊያስወልዷት ቆርጠዋል። እሷ እርግዝናው ስለከበዳት ከሶዶ ሐኪም ቤት መራቅ ፈርታለች። እኔም፣ «ቤታችን በኮረንቲ የሚበራ ነው፤ ልጅዎን በኩራዝ የሚዳብሳት የለም» ብዬ በደብዳቤ ጉራዬን ነዝቼ ነበር። «እንግዲያው መጥቼ ልየው» አሉ። መብራቱ ሲበራ ካላዩ ይዘዋት መሄዳቸው ነው።

«ተው፣ ጋሼን እንጥራቸው» አለች ባለቤቴ። ጋሼ የምንለው ኮረንቲ የሚያመነጨውን የከተማውን ሞተር የሚያስነሳው ጎረቤታችን ነው።

«ለዚች? ደግሞስ ቀን ኮረንቲ የት አለና!»

እውነቴን ነበር። በዚያ ዘመን የሶዶ ኮረንቲ የማታ ሠራተኛ ነው፤ ሞተሩ ሲመሽ ይነሳል፣ ከራት በኋላ ጥቂት ቆይቶ ይተኛል። ቀን ቀን ሽቦውን የሚፈራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ዋና ማጥፊያ መንካት የፈሪ ሥራ ነው ብዬ፣ በባዶ እግሬ እርጥብ መሬት ላይ ቆሜ፣ በጠረጴዛ ቢላዋ ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ።

ለካ ሞተሩ ሰሞኑን ታሞ ኖሮ፣ ጋሼ ጠግኖት ያን ረፋድ ሊሞክረው አስነስቶታል። ሌላ ጊዜ ድምፁ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ይሰማል። ዕለቱ ግን የገበያ ቀን ነበርና ከቤታችን ጀርባ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ከማለዳ ጀምሮ ያጓራል። ጆሮዬ ሁለቱን አልለያቸውም።

ቢላዋው ሽቦውን ሲነካ በሬ ክንዴን የረገጠኝ መሰለኝ። ወደ ኋላ ተፈናጥሬ፣ ለአማቴ ራት የተላጠው ቦይና የምንለው ጎደሬ የተዘፈዘፈበት ገንዳ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ባለቤቴ እየጮኸች መጣች። «ሞትክ እንዴ?»

«እንጃ።»

«ካልሞትክ ተነሳ! የተቀመጥከው የአባቴ ራት ላይ ነው!»

ጋሼ ሞተሩን አጥፍቶ ለምሳ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ገባ። የጠቆረ አውራ ጣቴን አገላብጦ አየና፣ «አንተ መምህር፣ ለመሆኑ ተማሪዎቹን ምንድን ነው የምታስተምራቸው?» አለኝ።

«ቀን ኮረንቲ የለም ብዬ እኮ...»

«ኮረንቲ ሰዓት አስሮ ይሄዳል ያለህ ማነው?»

ዋናውን ማጥፊያ ዘጋ፣ ፊውዙን ነቀለና ለባለቤቴ አስያዛት። «ሥራው እስኪያልቅ ከእጅሽ እንዳይወጣ። ይሄ ሰው ቢለምንሽም እንዳትሰጪው።»

«ቢያለቅስስ?»

«ያልቅስ።»

«ጋሼ፣ ሞተሩን እርስዎ ራስዎ አጥፍተውት መጥተው የለም?» አልኩ፣ የተረፈችኝን ክብር ለማዳን።

«አጥፍቻለሁ። ግን እኔ ራሴን አላምንም፤ አንተ እኔን ታምናለህ?»

ደረቅ ጫማ አስደርጎ ደረቅ ሳንቃ ላይ አቆመኝ። ማብሪያው ግን የሚጠገን አልሆነም። ሱቆቹን ዞርኩ፤ «የአዲስ አበባው መኪና ሲመጣ» አሉኝ። ስመለስ ጋሼ ቤቱ ሄደ፣ ከራሱ ግድግዳ ላይ ማብሪያውን ነቅሎ መጣ። ከሽቦው ጫፍ አንዲት ክር ሳያስተርፍ አጥብቆ ገጠመው። የእኔ ድርሻ ብሎን መያዝ ነበር፤ እሱንም አንዱን ጣልኩት።

አማቴ ሲመሽ ደረሱ። ሞተሩ ሲነሳ፣ «አባባ፣ እስኪ እርስዎ ያብሩት» አልኳቸው። አበሩ፣ አጠፉ፣ እንደገና አበሩ። ቦይናውን በሚያቃጥለው የዳጣ በርበሬ እያጣጣሙ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ያ የሞተረኛው ቤት ነው አላልከኝም? ምነው ኩራዝ አበሩ?»

«መብራት... ዓይናቸውን ያማቸዋል» አልኩ።

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያማ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ካፖርቱን፣ ቢላዋውን፣ ገንዳውን፣ ጋሼ ከግድግዳው ነቅሎ ያመጣውን ማብሪያ። አማቴ እጃቸው ላይ ያለውን ቦይና በጥርጣሬ አገላብጠው አዩ፤ ከዚያ ጎረሱት።

«ባልሽን ብቻ አይቼ ቢሆን አሁኑኑ ይዤሽ በሄድኩ» አሉ። «እንዲህ ያለ ጎረቤት ካለሽ ግን እዚሁ ውለጂ። እናትሽን እልክልሻለሁ።»

ሴት ልጃችን ሶዶ ተወለደች። የአዲስ አበባው መኪናም መጣና አዲስ ማብሪያ ገዝቼ ለጋሼ ወሰድኩለት። አልቀበልም አለ። «ማብሪያውን መች ጠየቅሁህ? በገዛ እጅህ ገጥመህ ዕዳህን ክፈል፤ ፊውዙን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ነገ» አልኩ። በማግስቱም «ነገ» አልኩ። የእኔን ነገ የጋሼ ሚስት ትዕግሥት አልጠበቀውም፤ አንድ ቅዳሜ እሱ ራሱ ገጠመው። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ የጠቆረች ጣቴን እንዳልረሳ፣ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ ያሳየኝ ነበር። በገዛ እጄ መግጠም ያለብኝ አንድ ማብሪያ እስከ ዛሬ አለብኝ።