የእትዬ ዓይነ ሜትር ማንኪያ

እስቲ ያንን የስፌት መኪና መሳቢያ ተመልከቱ። ክር፣ ቁልፍ፣ የተሰባበረ ጠመኔ፤ መሐል ላይ ደግሞ ዛሬ መርፌ የሌላት ትንሽ የፕላስቲክ ሲሪንጅ በንጹሕ ከረጢት ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የመሳቢያው ባለቤት ሰፈሩ «እትዬ ዓይነ ሜትር» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ በሜትር ለክተው አያውቁም። በር ላይ ስትቆም አንዴ ከላይ እስከ ታች ያዩህና ይቆርጣሉ፤ ልብሱም ልክክ ይላል። እሰየው! ግን ይሄ ሙያ ከጨርቅ አልፎ መድኃኒት ውስጥ ሲገባ ደሜ ይፈላል።

አንድ ጠዋት የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ድንቡሼ የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልስ ጀመር። እናቷ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ተመዝና በኪሎዋ ልክ የማስመለስ ማስታገሻ ሽሮፕ ታዘዘላት፤ በውሃ የሚበጠበጥ ሕይወት አድንም ተጨመረላት። እናትየዋ ጠርሙሱንና ሲሪንጇን ለአያት አስረክባ፣ «እስከዚህች መስመር ብቻ» ብላ በጥፍሯ አሳይታ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

እትዬ ሲሪንጇን መሳቢያ ውስጥ ወረወሯትና የሾርባ ማንኪያ አንሥተው ግጥም አድርገው ሞሉ። ሽሮፑን የሸጠችው ፋርማሲስት ነጭ ጋዋኗን ልታስጠብብ የገባችው ይሄኔ ነው።

«እትዬ፣ ቆይ! መለኪያው የታለ?»

«ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ መች ስቶ ያውቃል!»

«እንግዲያው ይሞከራ።»

ሲሪንጇን ከክሮቹ መሐል ፈልፍላ አውጥታ አጠበቻት። ከማንኪያው እስከ መስመሯ ሳበችና ብርጭቆ ውስጥ ገፋችው። «አንድ።» ደገመች። «ሁለት።» ሠለሰች። ማንኪያው ውስጥ ገና ተረፈ።

እትዬ ድንቡሼን አዩ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «ሦስት እጥፍ ላጠጣት ነበር?»

«ከነትርፉ። ጨርቅ ቢተርፍ ይቆረጣል፤ ሆድ የገባ መድኃኒት በየትኛው መቀስ ይቆረጣል?»

«አያቴ ተሸነፈች!» አለች ድንቡሼ፣ ትራሷን እንዳቀፈች።

ትክክለኛው መጠን በጉንጯ በኩል ቀስ ተብሎ ተሰጣት። ትንሽ ቆይታ አስመለሰችው። የእትዬ እጅ ወደ ጠርሙሱ ተወረወረ።

«ወጣ እኮ! ልድገምላት!»

«ምን ያህሉ እንደወጣ ዓይንዎ ለክቶታል?»

እትዬ እጃቸውን ከጠርሙሱ ላይ አነሡ። ፋርማሲስቷ ሽሮፑን ወዳዘዘው የክሊኒኩ ሐኪም ደወለች። እሱም፦ «አትድገሙ፤ ቀጣዩን በሰዓቱ ስጧት። እስከዚያ ሕይወት አድን ፈሳሹን በትንሽ በትንሹ። ትውከቱ ካልቆመ፣ ደም ከቀላቀለ፣ ከፈዘዘች ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ቶሎ ይዛችኋት ኑ» አለ።

ማንኪያውም ሥራ አላጣም፤ ሕይወት አድኑን ሲያቀርብ ዋለ፣ ጠብታ በጠብታ። ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ዳቦ ጠየቀች፤ ቀጥላም የልብስ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮ ወለል ላይ ደፋችው። እትዬ በደስታ ተንበርክከው ለቀሙ።

በነጋታው የፋርማሲስቷን ጋዋን ከጎረቤት በተዋሱት ሜትር ለኩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው! ሲሰፋ ከልኩ ሁለት ጣት ጠበበ ይላል ሰፈሩ። ይጥበብ፤ ጋዋን ይተረተራል።

እናንተ ግን ይህን አንብባችሁ ስቃችሁ አትቀመጡ። ተነሡና ከመድኃኒቱ ጠርሙስ አጠገብ የተጋደመውን ማንኪያ ወደ ኩሽና መልሱልኝ፤ በቦታው መለኪያውን አስቀምጡ። አሁኑኑ፣ እባካችሁ።